ከምሳ በኋላ የሚዘጋው ቤት

እኔ፣ ሰው ሁሉ «ጥድፊያ» እያለ የሚጠራኝ፣ የእማዬ ሁለተኛ ልጅ፣ ዛሬ ማክሰኞ ግንቦት ሃያ ሰባት ቀን፣ ሰውነቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሆስፒታል አልጋዬ ላይ ሆኜ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አጽፋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኑዛዜ የሽማግሌ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

አንደኛ። እማዬ ሁለት የኪራይ ክፍሎቿን ሸጣ በስሜ የከፈትነው የቁርስና የምሳ ቤት ለእሷ ይሁን። ስሙም፣ ታፔላውም፣ የእንቁላሉ ጨው ልክ ሳይቀር በየከተማው እንዲህ ያሉ ቤቶች ያሉት የአንድ ኩባንያ ነው፤ እኛ በስሙ እንድንሠራበት ፈቃድ ገዛን እንጂ። ስለዚህ የማወርሰው ፈቃዱንና ዕቃውን ነው። እማዬ «ጨው ደግሞ በመመሪያ ይለካል እንዴ?» ብላ የሳቀችውን ሳቅ ግን ማንም ኩባንያ አይወስድባትም።

ሁለተኛ። «እራት የማይሸጥ ምግብ ቤት ምን ትርፍ አለው?» ላሉኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። አሁን ይጻፍልኝ። እናቴ ዕድሜዋን በሰው ሆቴል እራት ስትሠራ፣ እኛ ልጆቿ ያለ እሷ እራት እየበላን አደግን። ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ ቤት ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት፣ ማታ ማታ ከእኛ ጋር እንድትቀመጥ ብዬ ነው። ጥቂት ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ታመምኩ። አልጠገብኳትም።

ሦስተኛ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በውሉ መሠረት፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የኩባንያውን ሥልጠና ካልወሰደ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ እማዬም ክፍሎቿን በከንቱ ሸጠች ማለት ነው። እሷ ሥልጠናውን በዚህ ዕድሜዋ አትችለውም። ጋሼ፣ «የእናቴን ቤት በሰው ታፔላ ለወጥሽው» ካልከኝ ጀምሮ እንደተኳረፍን አለን። ኩርፊያውን ይዤ መሄድ አልፈልግም። በልጅነቴ እራቴን የምትሠራልኝ አንተ ነበርክ፤ ያረረውን እንቁላል ራስህ በልተህ ደህናውን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። እባክህ ከመኪናው ውረድ። እንቁላል ሳያሳርሩ መጥበስንም በዚያው ያስተምሩሃል።

አራተኛ። ልብሴን እንደ እህት የምናያት የምግብ ቤቱ ሳህን አጣቢ ትውሰድ፤ አዲሱ ካፖርት አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም። ለሁለተኛው ቅርንጫፍ ያዘጋጀሁት ዕቅድ ይቀደድ። አይ፣ ተዉት፣ ይቆይ።

እማዬ፣ አንቺን የምመክርበት አፍ የለኝም። ምግብሽን ብቻ ብዪ።

እኛ ምስክሮች ይህ ቃል ለተናዛዧ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምተናል። ሦስተኛው አንቀጽ ሲነበብ ደክሟት ዓይኗን ጨፍና ነበር። በሩን ተደግፎ የቆመው ወንድሟ «ሥልጠናው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ «ሰኞ» አለች፤ ቀጥላም «ጻፉት፣ በኋላ እንዳይክድ»። በትእዛዟ መሠረት ጽፈናል።

ተናዛዧ፦ ነርሷ ወረቀቱን ይዛላት በገዛ እጇ ፈርማለች።
ምስክሮች፦ ተረኛዋ ነርስ፤ ሐኪሙ፤ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፤ የተናዛዧ የክፍል ጓደኛ።