እትዬ ድገመው እና የሰሌዳው ፈተና

ርዕሰ መምህርቷ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ያደጉት ከስፌት መኪናው ሥር ነው። አባታቸው የተንጋደደ ስፌት ካዩ ደንበኛው ቆሞ እያየ ይተረትሩትና እንደገና ይሰፉት ነበር። ደንበኛው "ኧረ ይተዉት፣ ማን ያየዋል" ቢልም አይሰሙትም። እሳቸውም ይህን እያዩ አደጉ።

አንደኛ ደረጃን ከቤታቸው ጀርባ በነበረው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን ከወንዙ ማዶ ተማሩ። ታላቅ ወንድማቸው ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው አባታቸውን ማገዝ ሲጀምሩ፣ እሳቸው ቀጠሉ። ከመምህራን ማሠልጠኛ በሒሳብ ተመርቀው በ1970 ዓ.ም. በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ግራኝ ስለነበሩ የጻፉትን በክንዳቸው ያብሱታል እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር። የተሳሳተ ሥራ ሲያዩ አይቆጡም። "ድገመው" ብቻ ይላሉ። ተማሪዎቹም ስማቸውን ትተው እትዬ ድገመው አሏቸው። ቅጽል ስሙን ያውቁት ነበር፤ አልከፋቸውም።

በ1973 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት ቋንቋ ከሚያስተምሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባልና ሚስት በሁሉም ነገር ይከራከሩ ነበር፤ መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚለው ሳይቀር። ተኳርፈው ግን አያውቁም።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ሆኑ። በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተቀመጠ ሁሉ ሰርተፊኬት ይሰጠው ነበር። ከእነዚህ አንዱ በተቀጠረበት መድኃኒት ቤት ለሕፃን ግማሽ ማንኪያ የታዘዘውን ሽሮፕ ሁለት አድርጎ ሰጠ። ሕፃኑ ተርፏል። እሳቸውን ግን የልጁን ሰርተፊኬት መፈረማቸው ሲከነክናቸው ከረመ።

በ1988 ዓ.ም. አዲስ ደንብ አወጡ። ትምህርቱን ለመጨረስ በሒሳብና በቋንቋ ከመቶ ስድሳ ማምጣት፣ ከዚያም በሁለት መምህራንና በርዕሰ መምህርቷ ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማስረዳት ግድ ሆነ። ያላለፈ ዓመቱን ይደግማል።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተነሡ። "እትዬ፣ የእኔ ልጅ መሪ ነው የሚይዘው። ኤክስን ፈልጎ ቢያገኘው ምን ያደርግለታል?" አሉ። እሳቸውም "ነዳጁ የት ላይ እንደሚያልቅበት ያውቅበታል" ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሹፌሩም አብረው ሳቁ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን አልሳቁም። "ልጄ ከዚህ ስትወጣ ከእኔ ጋር ወለል ስትወለውል ታመሻለች። አስጠኚ ከተቀጠረለት ልጅ ጋር እኩል ትፈተን ነው የሚሉት?" ብለው ጠየቁ። ርዕሰ መምህርቷ ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው፣ "በሩን አጠበብሽው። ደግ አደረግሽ። የማያልፈው ልጅ ግን የት ይሂድ?" አሏቸው።

ደንቡ ሠራ። ተማሪው ማጥናት ጀመረ፤ መምህራኑም "እኛንም ነው እንዴ የሚፈትኑን?" እያሉ አብረው ማጥናት ጀመሩ። ቀጣሪዎች የዚያን ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ካዩ ሌላ ጥያቄ አያበዙም ነበር። ወድቀው በዚያው የቀሩም ነበሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ አንዷ ናት።

በ1993 ዓ.ም. ተራው የገዛ ልጃቸው ሆነ። ልጅቱ የጽሑፉን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አልፋለች። ሰሌዳ ላይ የደረሳት ጥያቄ በአንድ ቧንቧ እየሞላ በሌላው ስለሚፈስ የውኃ ታንከር ነበር። በትክክል ሠራችው። አስረጂ ስትባል ግን አፏ ተሳሰረ። ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች። ሁለቱ ፈታኞች ወደ እናትየው ዞሩ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ታልፍ ነበር። እሳቸው "ትድገመው" አሉ።

ልጅቱ አልደገመችም። ከቤት ወጥታ ዳቦ ቤት ተቀጠረች፤ ውላ አድራ የራሷን ከፈተች። ለአባቷ ትኩስ ዳቦ ትልካለች። ከእናቷ ጋር ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። ዓመታት በዚህ አለፉ።

ርዕሰ መምህርቷ ደንቡን አላነሡም። ነገር ግን ወድቀው የቀሩትን ልጆች በየቤታቸው እየሄዱ ፈለጉ። አብዛኞቹ የወደቁት በወረቀቱ ሳይሆን በሰሌዳው እንደነበር ያኔ ተረዱ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን አስጠርገው ከሥራ መልስ የሚማሩበት ክፍል አደረጉት። በዚያ ክፍል ተቀምጦ ማስረዳት ይቻላል፤ ለፈታኝ ጀርባ ሰጥቶም ይቻላል፤ እስኪሳካ ይሞከራል። ባለቤታቸውም ክርክራቸውን ሳይተዉ እዚያ ያስተምሩ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ በዚያ ክፍል ጨረሰች። የገዛ ልጃቸው በበሩ አላለፈችም።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ተተኪያቸው የሰሌዳውን ፈተና አስቀሩ፤ ክፍሉን ለመዝጋት ግን የደፈረ የለም።

በ2015 ዓ.ም. ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ያዘው። ሐሳቡ ነበር፤ ቃሉ አልወጣ አለ። የሚፈልጉትን በግራ እጃቸው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ልጃቸው ዳቦ ቤቱን ለሠራተኞቿ ትታ ልታስታምማቸው መጣች። ቤት እየመጡ የሚያክሟቸው ሴት ሐኪም ኩባያ አንሥተው "ይህ ምንድን ነው?" ሲሏቸው፣ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ፣ ልጅቱ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ታይ ነበር። አንድ ቀን ሐኪሟ ከወጡ በኋላ ሰሌዳውን ሳቡና "ያን ቀን ታውቂው ነበር" ብለው ጻፉ። ልጅቱ አንብባ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። "እማዬ፣ ታንከሩን ላስረዳሽ?" አለች። የሚገባውን ውኃ፣ የሚወጣውን ውኃ፣ ሳትቸኩል አስረዳች። ስትጨርስ እናት ከከንፈራቸው ጋር ታግለው ታግለው፣ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን ቃል አወጡ። "ድገሚው።"

ልጅቱ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ዛሬም?" አለች። ደገመችው። እናት ሰሌዳው ላይ የራይት ምልክት አደረጉላት። ልጅቱ እስካሁን አልጠረገችውም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቃላት ተመለሱላቸው። በ2017 ዓ.ም. ሕመሙ ጸናባቸውና የካቲት 9 ቀን ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። ባለቤታቸው ስለ ደንቡ ዛሬም ይከራከራሉ፤ የሚመልስላቸው ግን የለም።

ሕይወታቸውን ሁሉ በር ላይ ቆመው ፈትነዋል። አሁን እሳቸው በር ላይ ናቸው። ፈጣሪ ድገሚው ሳይል ያስገባቸው።