ከመታጠፊያው በኋላ የተተከለው ማስጠንቀቂያ

ለክቡር የመንገዶች ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በአድራሻው ላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት ለደንቡ ያህል ብቻ ሳይሆን፣ የት እንዳሉ ለማወቅ ደጅዎን ስጠና ከርሜ ስላልተሳካልኝ መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከወንበር ብዛት ያልደከመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ጥልቅ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁና የእኔን ድርሻ ደርበው ቢተኙበት ቅር አይለኝም።

ማን መሆኔን ላስታውስዎ፤ የቢሮዎን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያንን ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርደውን፣ ገበር ያለውን፣ ሲዘጋ ጭላንጭል እንኳ የማያሳልፈውን ወፍራም መጋረጃ ማለቴ ነው። መስኮትዎ ድሮ የተራራውን መንገድ ከነጠመዝማዛው ያሳይ ነበር፤ መጋረጃው ከተሰቀለ ወዲህ ግን አያሳይም፤ ስለዚህ ዛሬ ከማማርርበት ጉዳይ ውስጥ የእኔም እጅ እንዳለበት ሳልሸሽግ አምናለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደ ነገርንዎና እንደ ረሱት፣ በሚመጣው ሳምንት ለዓይነ ስውራን ሕፃናት አዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ክፍል ጣሪያ ማሠሪያ የሚሆን እርዳታ ለማሰባሰብ የአራት ቀን የብስክሌት ጉዞ ይደረጋል። ታናሽ እህቴ የዚያ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ እሷም ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም። ዝናብ በመጣ ቁጥር የልጆቹን ፍራሽ ከሚያፈስበት ጥግ ወደማያፈስበት ጥግ ስትጎትት የምታድረው እሷ ስለሆነች፣ የጉዞው ወሬ ሲነሳ ማንንም ሳታማክር ቀድማ ተመዘገበች። ባለ ሁለት ወንበር ብስክሌት ተፈልጎ ተገኘ፤ ከፊት እኔ፣ ከኋላ እሷ ሆንን። ከፊት የተቀመጠው ያያል፣ መሪውን ይይዛል፣ ፍሬኑንም ይይዛል፤ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ፔዳል ይመታል፣ ከፊት ያለውንም ያምናል።

በሦስተኛው ቀን የተራራውን ቁልቁለት እንወርዳለን፤ ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርን። የለመንንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛው በገደሉ አፋፍ ላይ ካለው መታጠፊያ የተነቀለው የመንገድ ዳር ብረት እንዲመለስልን፣ ሁለተኛው ደግሞ ብስክሌተኞቹ ወርደው እስኪያበቁ ድረስ ድንጋይ የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ለግማሽ ቀን እንዲቆሙልን። ሁለቱንም በአዘጋጆቹ ፊት «እሺ፣ ምን ችግር አለው» ብለው ቃል ገቡልን፤ አዳራሹም አጨበጨበልዎ፤ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝና መዳፌን ታዝቤዋለሁ።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለክቡር ጆሮዎ ሻካራ እንዳይሆን በመስጋት፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በምስጋና መልክ ቆጥሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «ከፊትዎ አደገኛ መታጠፊያ አለ» የሚለውን ባለ ቢጫ ቀለም ትልቅ ምልክት ስላስተከሉልን እናመሰግናለን። ምልክቱ ቆሞ የሚገኘው መታጠፊያው ካለፈ በኋላ ነው። ከሠራተኞችዎ አንዱን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው፣ ከመታጠፊያው በፊት ያለው መሬት ዐለት ሆኖ አልቆፈር ስላላቸው ወደ ለስላሳው ፈቀቅ ማለታቸውን በቅን ልቡና አስረዳኝ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን የማንበብ ዕድል የሚያገኘው በሕይወት የተረፈ ሰው ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ያውም በቢጫ ቀለም።

ሁለተኛ፤ በተነቀለው ብረት ምትክ ስለ ዘረጉልን ቀይና ነጭ ፕላስቲክ ምስጋናችን ይድረስዎ። ለልምምድ እዚያ ድረስ ወጥተን፣ መታጠፊያውን ከሩቅ እንዳየሁት ብስክሌቱን አቁመን ወረድን። እህቴ ቦታውን ልወቀው ብላ የመንገድ ዳሩን ብረት በመዳፏ እየዳበሰች ቁልቁል መራመድ ጀመረች፤ እኔም ብስክሌቱን እየገፋሁ ተከተልኳት። ብረት፣ ብረት፣ ብሎን፣ እንደገና ብረት፤ ከዚያ እጇ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብላ ቆመችና ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አለችኝ። ምን ልበላት፣ ክቡር ሆይ? አዲሱ ብረት ነው አልኳት። ነፋስ የሚያርገበግበው ብረት ከወጣማ አገር አድጓል ማለት ነው ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ የሹራቧን ጫፍ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ ብስክሌቱ ከእጄ አምልጦ መውደቁን እንኳ የሰማሁት ከቆየ በኋላ ነው። ያን ዕለት እስከ ታች ድረስ በእግራችን ወረድን፤ ቤት ገብተንም ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኝ እናታችን በሞቀ ውሃ ስታሽልኝ አመሸች።

ሦስተኛ፤ ስለ ጽሑፍ መልስዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እርስዎ ዘንድ ለገባ ደብዳቤ መልስ ማግኘት ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ጸጋ መሆኑን አውቃለሁና። መልሱ እንደሚለው፣ መኪኖቹ በመገንባት ላይ ላለው የጽሕፈት ቤቱ አዲስ አጥር ድንጋይ የሚያቀርቡ በመሆናቸው ሊቆሙ አይችሉም፤ «ስለሆነም ተሳታፊዎች የመንገዱን ሁኔታ በዓይናቸው እያስተዋሉ በጥንቃቄ እንዲጓዙ» ተብለናል። ይህንን ለእህቴ ሳነብላት፣ በምናቸው? ብላ አስደገመችኝ፤ ደገምኩላት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ወረቀቱን ለተማሪዎቿ ልታስነብብላቸው ወሰደችው፤ እነሱም ወደውታል አሉ። እናታችን ግን አልሳቀችም። ስታጣጥፍ የነበረውን አንሶላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እኔ የወለድኩት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ብረት ላይ ጭኜ ልስደድ? አለችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱ በቆመበት ኮሪደር ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝም፤ እኛን ከገደሉ የሚከልል ብረት ጠፍቶ፣ እርስዎን ከእኛ የሚከልል ድንጋይ ይህን ያህል መትረፍረፉ የማን በረከት ይሆን?

አራተኛው ምስጋና ለጸሐፊዎ ነው፤ ይህኛው ከልቤ ነው። በመጣሁ ቁጥር ወንበር ስባ ታስቀምጠኛለች፣ ውሃ ትሰጠኛለች፣ ስብሰባ ላይ መሆንዎንም እያፈረች ትነግረኛለች። ባለፈው ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ የኔ እህት፣ እኔም ብሆን የማያቸው በቴሌቪዥን ነው አለችኝ። አደራዎን እንዳይቆጧት፤ ከዚያ ሕንፃ ውስጥ እውነት የተናገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

አምስተኛ፤ ጉዞው በሚጀመርበት አደባባይ ስለ ተነጠፈው ትኩስ አስፋልት። እርስዎ ሪባን ከሚቆርጡበት ጀምሮ የቴሌቪዥኑ ካሜራ እስከሚደርስበት ድረስ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ ነው። የጠርዙ ድንጋይ እንኳ ነጭ ተቀብቶልናል። ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ መቁጠሩ ግን አቃተኝ።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ፌዙን እዚህ ላይ ላስቀምጠውና እንደ ሰው ልንገርዎ፤ በጣም ፈርቻለሁ። ትናንት የሰው መጋረጃ ግልባጩን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፍቼ፣ አበባው ሁሉ ተዘቅዝቆ፣ ባለቤቲቱ መጥታ እስክትጮህ ድረስ አላየሁትም። የልብስ ስፌት መኪናዬን ስረግጥ ቁልቁል የምወርድ ይመስለኝና እግሬን አነሳለሁ። በዚያ ብስክሌት ላይ የሁለታችን ፔዳል የተያያዘ ነው፤ የእኔ እግር ሲቆም የእሷም ይቆማል፤ ስለዚህ ፍርሃቴን ልደብቃት እንኳ አልቻልኩም። ከባድ መኪና ከኋላችን ባጓራ ቁጥር እግሬ ቀጥ ይላል፤ እሷም ከጀርባዬ ሆና አይዞሽ፣ አለሁልሽ ትለኛለች። የማታየዋ የምታየዋን ታጽናናለች፤ ይህንንም አየሁ።

የሚያስፈራኝ ሞት ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። መታጠፊያው ላይ መኪናው ድንገት ብቅ ቢል እኔ አየዋለሁ፤ እሷ ግን አታየውም። ስንጋልብ አፏ አያርፍምና በዚያች ሰዓት ከጀርባዬ ሆና የሆነ ተማሪዋ የሠራውን ጉድ እየሳቀች ታወራኛለች። ለእሷ ማድረስ የምችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የትኛውን ቃል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያዢ ልበላት? ምኑን ትያዝ? ዝለይ ልበላት? ወዴት ትዝለል? በግራ መኪና ነው፣ በቀኝ ፕላስቲክ ነው። ስሟን ብቻ ጠርቼ ብቀርስ? ይህንን እያሰብኩ በልምምዱ ላይ ዝም ስላት፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ፣ መንገዱን ንገሪኝ እንጂ ትለኛለች፤ እኔም ሜዳ ነው፣ ሜዳ ነው እላታለሁ።

እንግዲያው ለምን አትቀሩም ይሉን ይሆናል። ይህንንም ሞክሬዋለሁ፤ አፈር ስሆን ተይው ብዬ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛታለሁ። አንቺ ከቀረሽ ሥጋ ሻጩ ይዞኝ ይሄዳል አለችኝ። ሥጋ ሻጩ ሠፈሩ ሁሉ «ፍሬን የለሽ» እያለ የሚጠራው ጎረቤታችን ነው፤ ሄልሜት የሚያደርገው ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ሲያይ ሁለት እጁን ለቆ የሚያፏጭ ሰው ነው። ደግሞም አለችኝ፣ አንቺ እርጥብ ፍራሽ ላይ የተኛ ሕፃን ዳብሰሽ አታውቂም። ስለዚህ እወርዳለሁ። ከእሱ እጅ በእኔ እጅ ብትሆን ይሻላል፤ እኔ ቢያንስ እፈራለሁ።

አሁንም ጊዜው አላለፈም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ብረቱ በዚህ ሳምንት አይደርስም ካሉ እሺ፤ መኪኖቹን ግማሽ ቀን ለማቆም ግን የአንድ ስልክ ጥሪ ይበቃል። አጥሩ በመዘግየቱ ሌባ ይገባብኛል የሚል ስጋት ካለብዎ የሠፈሩ ሰው ተራ ገብቶ ሊጠብቅልዎ ዝግጁ ነው፤ ሥጋ ሻጩም ቢላውን ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ምክር አጥብቀው እንደያዙ አውቃለሁ፤ ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ግን አፍዎን እንዲከፍቱልን፣ ዝንቧንም እኛ እንድናባርርልዎ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ከተራራው የማያንስ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሹመትዎ የረጋ፣ መንገድዎ ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከነፍርሃቴ፣ ከነመንቀጥቀጤ፣ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የፊተኛው ወንበር ተቀማጭ

ግልባጭ፦
ድንጋይ ለሚያመላልሱ መኪኖች ሾፌሮች በሙሉ (እነሱ ሳያነቡት አይቀሩም)
ለእናታችን እንዳይደርስ

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ክፉውን ያርቀውና ምናልባት አንድ ነገር ቢፈጠር፣ «የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው» የሚል መግለጫ ለማውጣት አይድከሙ፤ ተጣርቷል። ይህንን ደብዳቤ ያያይዙት። ጸሐፊዎ ገቢ አድርጋ ማኅተምና ቀን እስክትመታበት ድረስ ከደጅዎ ንቅንቅ አልልም። መግለጫው ላይ «በአሽከርካሪዎቹ ጥንቃቄ ጉድለት» የምትለዋን የተለመደች ሐረግ መጻፍዎ ካልቀረ ግን፣ እህቴን ከዚያ ውስጥ ያውጡልኝ። እሷ አላየችም። ያየነው እኔና እርስዎ ነን።