ጨጓራ ነው ያልነው

ሰኞ
ዛሬም ዋሸሁት። ባሌ ተፈራ መርፌውን ተወግቶ ሲያበቃ፣ ይሄ ጨጓራ ስንት መርፌ ነው የሚፈልገው አለኝ። አምስት ቀን ብቻ አልኩት። የአንጀት ነቀርሳ መሆኑን ሐኪሙ ለእኔና ለወንድሙ ነው የነገረን። እሱ ከሰማ ተስፋ ይቆርጣል ብለን ደበቅነው።

መድኃኒቱ እዚህ አገር የለም። አውሮፕላን ላይ የምትሠራው እህቴ አምስት ብልቃጥ ከውጭ አመጣችልን። አራት ቀረ።

ማክሰኞ
አፉ ቆሳስሏል። አጥሚት እንኳ አቃጠለው። የቀበሌው ስብሰባ ቀርቼ ስሜ ተመዘገበ። ይመዝገቡት። ሦስት ቀረ።

ረቡዕ
የዚህ ሰው ደግነት ገደለኝ። ከሥራ ስመለስ መድኃኒቱን የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። ሁለቱን ለሰይድ ሰጠሁት አለኝ፣ ደስ ብሎት። ሰይድ ጎረቤታችን ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የጨጓራ በሽተኛ።

«እኔን ካሻለኝ እሱን ለምን አያሽለው?» አለ።

ጨጓራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰይድ ቤት በሩጫ ሄድኩ። ወደ ደሴ ጭኖ ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ጤና ጣቢያ ይወጉኛል ብሎ መድኃኒቱን ይዞታል አለች ሚስቱ ፋጡማ። ያ ነቀርሳ የሚገድል መርዝ ጤነኛ ደም ውስጥ ሊገባ! እውነቱን በር ላይ ነገርኳት። ተቃቅፈን አለቀስን።

የቀረችውን አንዷን ማታ ተወጋ።

ሐሙስ
ሥራ ቀርቼ ሰይድን ፍለጋ ወደ ደሴ መውጫው ኬላ ሄድኩ። ከጉርድ ሾላ ወዲያ መኪኖቹ አጃቢ ወታደር እየጠበቁ ተሰልፈዋል። ኬላው እንዲህ ሲያጉላላ ስረግመው ኖሬ ዛሬ መረቅኩት። አሥራ ሰባተኛው መኪና ላይ ሰይድን አገኘሁት።

«ወላሂ አልተወጋሁም፣ እትዬ» አለኝ። አንዱ ብልቃጥ ግን ኪሱ ውስጥ ተሰብሯል። የተረፈውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። ተፈራ ተወጋው።

ዓርብ
ፋጡማ ሾርባ ይዛ መጣች። ተፈራን ስታየው እንባዋ ቀደማት። እሷ እንደወጣች ጠራኝ።

«ለጎረቤት የተነገረ ነገር ለእኔ ምነው ቀረ?»

የበሽታውን ስም ጠርቼ ነገርኩት። የፈራሁት ተስፋ መቁረጡን ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ተቀመጠና የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ።

«እንግዲያው የዛሬውን አምጪዋ» አለኝ።

የለም አልኩት። ለምን እንደሌለ አልጠየቀኝም። እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰው። እህቴ መቼ እንደምትመለስ አላውቅም።