የሁለት ሰው እጅ የለመደ መብራት

ሞንትሪያል፣ ቅዳሜ

ለባለቤቴ እህት፤

ማክሰኞ ዕለት የበረዶ ወራት ዐውደ ርእይ መራጮች መጥተው ሥራችንን ሞከሩት፤ ከአርባው መብራት አንዱም አልበራም።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ከመርፌው ወዲህ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ወንድምሽ ካረፈ ወዲህ ባሉት አምስት ዓመታት እንደዘንድሮ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ስለ ሥራው በስልክ ስነግርሽ፣ ሸሚዝ ደግሞ ምን ያውቃል ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች እኔ በብር ክር የሰፋሁትን እጅጌ ያጠልቃሉ። ባዶ እጃቸውን ሲጨባበጡ ከአንዱ ወደ ሌላው የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ እጅጌው መነካካታቸውን ያውቅና ጣሪያው ላይ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይበራሉ። ሐሳቡ የሞድ ነው፤ የሃያ ስምንት ዓመት አርቲስት ናት። ሽቦውን የሚያያይዘው ሬዣን ከባቡር ድርጅት በጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የምንሠራው ሠላሳ ዓመት ካፖርት በሰፋሁበት በሻባኔል መንገድ ነው። ከተመረጥን ሦስታችንም እስከ ፋሲካ አብረን እንቆያለን፤ ካልተመረጥን በዚህ ወር መጨረሻ እንበተናለን።

ማክሰኞ እጅጌውን ያጠለቁት አንድ ራሰ በራ ሰውዬና አንዲት ረጅም ሴት ነበሩ። ተጨባበጡ፤ ጠበቅን። ሰውዬው፣ ምናልባት አንዋደድም ይሆናል አለ። ሴትዮዋም፣ እሱንማ ያለ መብራትም አውቀው ነበር አለችው። ከሳቁ በኋላ አንድ ተጨማሪ ዕድል ብቻ ሰጥተውን ሄዱ።

ሞድ የሙከራ ደብተሩን ገለጠች። በእኛ ቤት ደንብ፣ አንድ እጅጌ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሁለት ሰው አጥልቆት እጅ ለእጅ ተያይዞ እስከ ሠላሳ ይቆጥራል፤ መብራቱ የሚበራበት ልክ የሚወሰነው በዚያ ነው። የሦስት ሳምንቱ መዝገብ በሙሉ የእኔና የሬዣን እጅ ነበር። ሞድ ቀና ብላ፣ እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ቤት ሌላ እጅ ጠፍቶ ነው ወይ አለችን። ጠረጴዛችን ስለሚቀራረብ ነው አልኳት።

ከዚያ በየተራ ተለካን። የሞድና የእኔ፣ ደረቅ። የሞድና የሬዣን፣ ደረቅ። በዚህ ብርድ የማን እጅ ይረጥባል? የእኔና የሬዣን ሲሆን አርባውም በራ። ኤሌክትሪክ ላብ ይወዳል፤ እኛ በእርጥብ እጅ ለክተን ለደረቅ እጅ አቅርበናል። ሞድ እየሳቀች፣ ማዳም፣ እስቲ እጅዎን ይጭመቁት አለችኝ። ሬዣን፣ አርባ ዓመት የነካሁት ግራሶ ነው አሁን የሚወጣው ብሎ መለሰላት፤ እጄን ግን ወዲያው አልለቀቀም። ሠላሳ አልሞላም ነበርና።

እኔ ክፍሉ ስለሚሞቅ ነው አልኩ። የምንቀመጠው ብርድ በሚገባበት መስኮት ሥር መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ስህተቱ የእኔ ስለሆነ ልኩን እንደገና ወሰድኩት። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ፖስታ አዳዩን፣ ከታች ፎቅ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች፣ ጓንታቸውን እያስወለቅኩ እጅ ለእጅ አያያዝኳቸው። ሃያ ስድስት ጥንድ ሆኑ። አሁን መብራቱ ለማንም ይበራል።

ሌላም ነገር አለ። ለፋሲካ ሪሙስኪ አንቺ ዘንድ ስመጣ ሬዣን፣ መኪናውን እኔ ልንዳልሽ ብሎኛል። ወንድምሽ ያረፈበትንም ቦታ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ያለ አንቺ ፈቃድ ወደ ቤትሽ ሰው አላመጣምና እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩትም። ሳትጨነቂ እውነቱን ጻፊልኝ፤ የምትይውን እቀበላለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ደጅሽን የሚጠርግልሽ፣ ምድጃሽ አጠገብ የሚያጫውትሽ ሰው አያሳጣሽ።

የወንድምሽ ሚስት

መራጮቹ ተመልሰው የሚወስኑት የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ያንቺም መልስ እስከዚያ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።