ቁጥሩ ሞልቷል፣ እናቴ ግን የለችም

ለክቡር የመርከቡ የየብስ ጉብኝት ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፡— ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ወገብዎስ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? ሲቆጥር የሚውል ዓይን ቶሎ ይደክማል ብዬ ስለምሰጋ አሳስቦኝ ነው። ቤተሰብዎ በሙሉ ደህና እንዲሆን፣ የወለዱዎት እናት በሕይወት ካሉም አላህ ዕድሜያቸውን እንዲያረዝምልዎ፣ የትም ጫካ ውስጥ ማንም ጥሏቸው እንዳይሄድ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የመርከቡን ስም አልጠራም፤ ስማችንን አጠፋሽ ተብዬ ሌላ ጣጣ ውስጥ እንዳልገባ ነው፤ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ደብዳቤዬን በአማርኛ መጻፌ ክቡርነትዎን ሊያስገርም ይችላል። እንግሊዝኛ ቸግሮኝ አይደለም። ሴንት ፖል ውስጥ፣ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ቅመምና የስልክ ካርድ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ከአከራዬ ጋር በእንግሊዝኛ ስጨቃጨቅ ስንት ዘመኔ! ነገር ግን የእርስዎ ቢሮ ለእናቴ ለወይዘሮ ዙለይሃ በማታውቀው ቋንቋ ጽፎ በክፍላችን በር ሥር ባሾለከ ጊዜ፣ ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቅ፣ ሰው ፈልጋችሁ አስተርጉሙ ተብያለሁ። ምክሩ ደግ ምክር ነውና ይኸው መልሼ ልኬልዎታለሁ። ሰው ፈልገው ያስተርጉሙ።

ማን እንደሆንን ላስታውስዎ። ዛሂዳ እባላለሁ። ባለፈው ሐምሌ እቁብ ደርሶኝ፣ ባለቤቴን ዘይኑዲንን፣ ልጃችንን አፍናንንና እናቴን ይዤ በመርከባችሁ አላስካ የሄድኩት ሴት ነኝ። ከሱቄ ጎን ፀጉር የምትሠራው ጎረቤቴ ሲንቄ ነገሩን ስትሰማ፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ በነፃ የሚወርድብንን በረዶ አንቺ ከፍለሽ ልታይው ነው ወይ ብላ ስቃ ልትሞት ነበር። እኔ ግን የሄድኩት ለበረዶው አልነበረም። እናቴ ከደሴ መጥታ የመጀመሪያውን ዊንተር አፓርትመንት ውስጥ ተዘግቶባት ነው ያሳለፈችው። አየሩ ሲሞቅ ወጣ ወጣ ማለት ጀመረች፤ ቀስ በቀስም ከቤታችን እስከ ሱቄ ድረስ ብቻዋን በእግሯ መምጣት ለመደች፤ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ አቨኒውን እንኳ መብራቱን አይታ ትሻገር ነበር። ያቺ መንገድ ለእርስዎ ምንም አይደለችም፤ ለእናቴ ግን የራሷ የሆነች ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ሌላም ምድር ትርገጥ፣ ልቧ ይስፋ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

እንግዲህ አቤቱታዬን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጣት። በመጀመሪያው ወደብ በኬችካን፣ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ ወደሚታይበት ጫካ የሚወስደን ጋይድ ተመድቦልን ነበር፤ ጨዋ ነው፣ ጥርሱም ያምራል፣ ባንዲራም ይይዛል፣ በየደረታችንም ስቲከር ይለጥፋል። ባሱ ውስጥ ተቀምጠን ሳናበቃ ጣቱን ቀስሮ በየግንባራችን ላይ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥረን ጀመር። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ጆንያ ይቆጠራል፤ ሰው ግን አይቆጠርም፣ ያውም በጣት! ወሎ ላይ እናትን ስንት ልጅ አለሽ ቢሏት አላህ የሰጠኝን ያህል ትላለች እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም፤ የተቆጠረ ይጎድላላ። ጣቱ ወደ እሷ ሲቃረብ እናቴ፣ ኧረ ይሄን ሰውዬ ማሻአላህ በል በሉልኝ ብላ ጮኸች። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። አፍናን ደግሞ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ኢትስ ኦኬ እማማ አለቻት። እናቴ ምኑም ኦኬ አልመሰላትም፤ ጫማዋን እንደምታስር ሆና ከፊቷ ወንበር ጀርባ ጎንበስ አለች፣ ጣቱም በላይዋ አለፈ። ጋይዳችሁ ያገኘውን ቁጥር መዳፉ ላይ ጻፈና ሄድን። እናቴ ከዚያ መዳፍ ውስጥ የለችም። ይህ የእናንተው ጥፋት ነው የሚሉ ከሆነ እቀበላለሁ፤ እናቴን አስቆጥሬ አላውቅም፣ ወደፊትም አላስቆጥርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሂሳብ ችሎታችሁ። ዓሣውን አየን፣ ዝናቡ ደበደበን፣ ደስ አለን፤ ሐቁን ልናገር፣ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሚኒሶታ ከመጣች አይቻት አላውቅም ነበር። የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ሲደርስ ከወንዙ ውዱእ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አንጥፋ ቆመች። እኔ አፍናንን ሽንት ቤት ይዣት ሄድኩ፤ ዘይኑዲን ፎቶ ያነሳል። ባሱ ሊነሳ ነው ሲባል ሮጠን ገባን፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እናቴ የለችም አልኩት ጋይዱን። ጣቱን አወጣና ቆጠረ፤ መዳፉን አየ፤ ፊቱ በራ፤ ሁሉም ሰው አለ አለኝ። የለችም ስልህ አልኩት። ደግሞ ቆጠረ፣ ደግሞ ሞላለት። እናቴን የማውቃት እኔ ነኝ ወይስ መዳፍህ ብዬ ብጠይቀው፣ በሌላኛው ባስ ገብታ ይሆናል፣ መርከቡ ሰው አይጠብቅም፣ ተቀመጪ አለኝ። ልውረድ ብዬ ስነሳ በሩ ተዘግቶ ተንቀሳቅሰናል። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ ባዶ ወንበር እያየሁ ሁሉም ሰው አለ ሲባል መስማቴ ግን የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ለእናቴ የማይጠብቀው መርከባችሁ ግን ለቲሸርት ይጠብቃል። ባሱ መንገድ ላይ ከአንድ ቲሸርት መሸጫ ደጃፍ ቆሞ፣ መንገደኛው ሁሉ ድብ የተሣለበት ልብስ እየለካ እኔ መሐል አስፋልት ላይ ስጮህ ነበርሁ። ለዚህች ዕረፍት የተለየ ምስጋና አለኝ፤ በእሷ ሰበብ እናቴ ቀድማን ደረሰች። እውነቴን ነው። ወደቡ ስንደርስ ከመርከቡ ደረጃ ሥር ሣጥን ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ሶላቷን ጨርሳ ቀና ስትል ባስ የለም፤ ውሃ መቼም ወደ ባሕር ነው የሚወርደው ብላ ወንዙን ይዛ ቁልቁል ስትወርድ፣ አንዲት የአገሩ ተወላጅ አሮጊት በፒካፕ ስታልፍ አይታ ቆመችላት። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እናቴ በሁለት እጇ ውሃ ላይ የቆመ ትልቅ ቤት ሠርታ አሳየቻት፣ አሮጊቷም ሳቀችና ድራይቭ አድርጋ አደረሰቻት፤ በጭስ የደረቀ ዓሣም በወረቀት ጠቅልላ አስያዘቻት። አልቆጠረቻትም፣ ስቲከርም አልለጠፈችባትም። እናቴ እኔን በእንባ ታጥቤ ስታየኝ ደንግጣ፣ ምነው፣ ማን ሞተ አለችኝ።

ሦስተኛ ነው አራተኛ? ተምታታብኝ። ቁጥሩን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ትችሉበታላችሁ፤ እኔ ዝም ብዬ ልቀጥል።

በማግሥቱ ጠዋት ያ ወረቀታችሁ በበር ሥር ሾለከ። አያቷ አንብቢልኝ ብትላት አፍናን ቆማ አነበበች። ይህች መንገደኛ ከቡድኗ ተነጥላ የባዘነች፣ ግራ የተጋባች ሰው ስለሆነች፣ ለራሷ ደህንነት ሲባል በቀሩት ጉብኝቶች አትካፈልም፣ ያለ ጠባቂም ከመርከብ አትወርድም ይላል። ልጄ ኮንፊዩዝድ የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሚኒሶታ የተወለደች ልጅ ናት፣ አማርኛውን አጣችው። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ደግሞ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ ራሷ ፈልጋ፣ እማማ፣ ጠፍተሻል ነው የሚሉት አለቻት። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችውና፣ እኔ መቼ ጠፋሁ፣ ቦታዬ ላይ ነበርኩ፤ ጥለውኝ የሄዱት እነሱ አለች። ስለዚያ ቀን ከዚህ የተሻለ ሪፖርት የሚጽፍ ሠራተኛ ካለዎት ደመወዝ ይጨምሩለት።

በሁለተኛው ወደብ፣ ጁኖ ላይ፣ የበረዶውን ተራራ እንዳታይ ተደረገ። ደሴ ላሉት እህቶቿ ነካሁት ብላ ልትነግራቸው አስባ ነበር። እሷም እኔም በመስኮት ዝናብ ስናይ ዋልን። ከአባቷ ጋር የሄደችው አፍናን ከሐይቁ ዳር የበረዶ ስባሪ በወረቀት ኩባያ ይዛላት መጣች፤ እስኪደርስ ውሃ ሆኗል። እናቴ ቢስሚላህ ብላ ጠጣችው፤ ትንሽ ቆይታም፣ የእኛ ቤት ፍሪጅ ይሻላል አለች።

ስካግዌይ፣ በመጨረሻው ወደብ፣ በራሳችን እግር ልንወርድ ስንል በሩ ላይ ያለው ሰውዎ ጠባቂዋ የታለ ብሎ እጁን ዘረጋብን። ዘይኑዲን፣ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ሲነግሩት እንኳ መከራከር የሚያፍረው ባሌ፣ ጠባቂዋ እኔ ነኝ፣ የእኔ ጠባቂ ደግሞ እሷ ናት፣ ዞር በል አለው። በእንግሊዝኛ ነበር፣ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ። ክንዷን ይዞ ወረደ፣ እኛም ተከተልን። ያለ ባንዲራ፣ ያለ ጋይድ ስንዞር ውለን፣ መንገዱን እያሳየች ወደ መርከቡ የመለሰችን እናቴ ናት።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያቺ ቃላችሁ ተከትላን ቤት ገባች። እናቴ ከተመለስን በኋላ ብቻዋን መውጣት ተወች። ሱቅ ነይ ስላት፣ እነሱ አይተው ይሆናል፣ እርጅና ለባለቤቱ አይታወቅም እያለች ከመስኮት ሥር ተቀምጣ ትውላለች። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፣ አየሩ ሊከፋ ነው፤ መንገዷ ሳር ሊበቅልባት ሆነ። ክቡር ሆይ፣ ተቆጥቻለሁ። ደሴን፣ ሰማዩን፣ ውቅያኖሱን አቋርጣ የመጣችን ሴት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ በዚህ አልቆጣም ካልኩ ውሸታም ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን፣ ሱቄ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። ብቻዋን። ካፖርቷን በትክክል ቆልፋለች፣ በእጇ ፖስታ ይዛለች፣ ከነፋሱ የተነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፖስታው ላይ የመርከባችሁን ሥዕል አይታ፣ ይቅርታቸው መጣ መሰለኝ፣ አንቺ እስክትመጪ አላስቻለኝም አለችኝ። ሲንቄ የጀመረችውን ፀጉር ትታ መጣች። ከፈትነው። ስለ ጉብኝቱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጡ የሚል ቅጽና ለሚመጣው ዓመት የዋጋ ቅናሽ ነው፤ ለዘይኑዲን፣ ለዛሂዳና ለአፍናን። ሌላ ስም የለበትም። እናቴ ምን ይላል አለችኝ። መዋሸት አማረኝ፤ አልዋሸኋትም። ይቅርታ የለበትም፣ ያንቺም ስም የለበትም አልኳት። ሲንቄ በኦሮምኛ የተናገረችውን አልተረጉምልዎትም፤ ሰው ፈልገው ያስተርጉሙ።

እናቴም፣ ድጋሚ ረሱኝ? እንግዲያስ ግራ የገባቸው እነሱ ናቸው አለች፤ ነጠላዋንም አስተካክላ ተነሳች። ላድርስሽ፣ ሱቁን ልዝጋ ብላት፣ ለምን፣ ቤቴን አውቀዋለሁ ብላኝ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ዩኒቨርሲቲ አቨኒው ላይ መብራቱን ጠብቃ ተሻገረች። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለአንዲት ነገር ምስጋናዬ ቀልድ የለበትም፤ ፖስታችሁ እናቴን ከቤት አውጥቶልኛል። የምለምነው ገንዘብ አይደለም፣ ቅናሽም አይደለም። ያቺን ቃል ከመዝገባችሁ ፍቃችሁ፣ ጥለንሽ ሄደናል፣ ይቅርታ ብላችሁ ለወይዘሮ ዙለይሃ በስሟ ጻፉላት። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግድ የለም፣ አፍናን ታነበዋለች፤ ይቅርታ የሚለውን አማርኛ ታውቀዋለች።

የክቡርነትዎን መልስ ሱቄ ደጃፍ ቆሜ የምጠብቅ፣ በቁጥር ያልገባችው የወይዘሮ ዙለይሃ ልጅ፣

ዛሂዳ
ከስኔሊንግ አቨኒው

ግልባጭ፡—
ለሱቄ መስኮት፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው፤
ለኬችካኗ ባለ ፒካፕ እናት፣ አድራሻቸውን ስለማናውቅ በዱዓ።

ሳልረሳው፡— ቅጻችሁ ላይ ለሚመጣው ዓመት ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ የሚል ጥያቄ አለ። አላህ የሰጠንን ያህል። እስከዚያው ለጋይድዎ ይህን ይንገሩልኝ፤ አንዲት ሴት እናቴ የለችም ካለችው፣ መዳፉን ከማየቱ በፊት ወንበሩን ይይ።