ከመሃል የሚጀምሩት እናታችን

የሥራ ባልደረቦቻቸው ለአንዲት ሚሊሜትር ስለሚሟገቱ «እትዬ ሚሊ» የሚሏቸው እናታችን፣ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የእናታቸውን ሜትር ይዘው የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሲለኩ ስለሚውሉ፣ አያታቸው «ይቺ ልጅ እኛንም ለክታ ልትሸጠን ነው» ይሉ ነበር ይባላል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. በብረታ ብረት ሙያ ተመረቁ፤ በአንድ የመለዋወጫ ማምረቻም ብረት እየፋቀ ቅርጽ በሚያወጣው ማሽን፣ በፍሬዛ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። አባታችን እዚያው ብረት እያዞረ በሚልጠው ማሽን፣ ቶርኖ ላይ ነበሩ። እሳቸው ልጠው የሚያቀብሏቸውን ክብ ብረት እናታችን በካሊበር ደግመው ሳይለኩ አይቀበሉም። አባታችን ይህን ንቀት ነው ብለው ብዙ ጊዜ አኩርፈዋል። በ1975 ዓ.ም. ግን ተጋቡና ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ1994 ዓ.ም. በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሲኤንሲ ፍሬዛ ገባ። አለቃቸው ለሌላ ሰው ሊሰጡት ሲያስቡ እናታችን «እስቲ ሞክሩኝ» አሉ። መሞከሪያው ልክ መሃሉ ላይ ቦይ የሚቆፈርለት የሰፈሩ የውኃ ፓምፕ ዘንግ ሆነ። መለወጫ ብረት አልነበረም፤ ቢበላሽ ሰፈሩ ውኃ አያገኝም፣ እሳቸውም ማሽኑን ደግመው አይነኩም።

ማሽኑ መቁጠር የሚጀምርበት ነጥብ ዜሮ ይባላል። አለቃቸው «ትናንት ለሌላ ብረት የያዝነው ዜሮ አለልሽ፤ ቶሎ አስነሺው» አሏቸው። እናታችን እጃቸውን ከማስነሻው አነሱ። ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ አንዱ መንጋጋው አይንቀሳቀስም፤ የዛሬው ብረት ከትናንቱ ወፈር ካለ መሃሉ ቦታውን ይለቃል፣ የሚቆፈረውም ቦይ ወደ ጎን ይወጣል። አባታችን ጠጋ ብለው «ኧረ ተይ፣ ሰውየውን አታናዳጂ» ብለው አንሾካሾኩ።

«ሰውየውስ ቢናደዱ ይበርድላቸዋል፤ ብረቱ ከተበላሸ ከየት አመጣለሁ?» አሉ እናታችን።

የማሽኑን ጫፍ የብረቱን ግራ ጎን አስነኩ፣ ቀኙን አስነኩ፣ ርቀቱን ለሁለት ከፈሉ። ለቁመቱም የብረቱን ጀርባ አስነክተው የውፍረቱን ግማሽ ያህል ወደ ታች ወረዱ። ዜሮው ልክ መሃል ላይ ዐረፈ፤ ቦዩም ሳይዛነፍ ወጣ። ቧንቧው በማግስቱ ሲንፎለፎል እኛ ልጆቻቸው «የእናቴ ውኃ» እያልን ጎረቤቱን አሰልችተናል፤ ዛሬም ብንለው አናፍርበትም።

ማሽኑ ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ሆነ። በ2010 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደፍሮ «ይብቃዎት» ያላቸው አልነበረም። አንድ ሰኞ ራሳቸው አባታችንን ከቶርኖው ጎትተው ማሽኑ ፊት አቆሟቸው። ወንበር ስበው ከኋላቸው ተቀምጠው፣ ጠንቅቀው እስኪያውቁት ድረስ «ድገመው» ሲሏቸው ሰነበቱ። ማሽኑን ማንም አልቀማቸውም፤ በገዛ እጃቸው አስረከቡ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ እኛን ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያሳርፍልን፤ ለአባታችንም ብርታቱን ይስጥልን።

ዛሬ፣ በቀብራቸው ቀን፣ ማምረቻው ዝግ ነው። ያኔ ማሽኑን ሊነፍጓቸው የነበሩት አለቃቸው በገዛ እጃቸው አጥፍተውት መጥተው፣ የእናታችንን አስከሬን ከተሸከሙት መካከል ናቸው።