የአራታችን ሸራ

ሰኞ፣ ጥር 4

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዛሬ ሥራ ቦታ አለቀስኩ። ሠላሳ ሰው መሀል ተቀምጬ ማንም አላየኝም።

እስከ ቅዳሜ መጋዘኑ ውስጥ ምስር የምንለቅመው አራት አራት ሆነን ነበር። እኛ በሩ ጋ ነበርን፦ እትየ ጥሩ፣ ሁለቱ እኅትማማቾችና እኔ። ዛሬ አዲሱ ተቆጣጣሪ ጋሼ ደረሰ ትንንሾቹን ሸራዎች አስነሥተው አንድ ትልቅ አስነጠፉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ።

ምስር ሎሚ አይደለም። ይህን በሆዴ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ከአርብ ገበያ የመጣው ምስር ጠጠሩ ብዙ ነው። ትልቁ ሸራ ላይ ማን ምን እንደለቀመ አይታወቅም። ጎበዟም ሰነፏም እኩል። ጠጠር የበዛበት ክምር ወደ ዝምተኛ ይገፋል፤ ወደ እኔ ማለት ነው።

ድሮ እትየ ጥሩ ከፊቴ እፍኝ አንሥተው «ይህን የለቀመች እጅ ትባረክ» ይሉኝ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ጎበዝ የተባልኩት እዚያች ሸራ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ከወዲያኛው ጫፍ በእጃቸው ሰላም አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

አንድ ጆንያ ተፈትቶ ጠጠር ተገኘበት። ጋሼ ደረሰ «የማን ነው?» አሉ። ከዚያ አንዷ «ያቺ ጥግ ያለችው፣ አፍ የሌላት» አለች። ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ቢደገም ወደ ቤትሽ» አሉኝ ጋሼ ደረሰ። ስሜን እንኳ አያውቁትም።

የእኔ አልነበረም። ግን አልተናገርኩም። ቤት ገብቼ ለግድግዳው ነገርኩት፤ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ጮክ ያለ ነበር። እናቴ «ከማን ጋር ነው?» አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ሥላሴ ነው፤ ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትየ ጥሩን ያዝኳቸው። የድሮዋን ሸራ እናንጥፍ፣ የለቀምነው ጆንያ ላይ ስማችንን እንጻፍ፣ ጠጠር ከወጣበት እኛ እንጠየቅ አልኳቸው።

«ለጋሼ ደረሰ እርስዎ ይንገሯቸው።»

«እኔ ብናገር አሮጊቷ አጉረመረመች ይባላል። አንቺ ብትናገሪ ግን ይደነግጣሉ» አሉ እየሳቁ።

እኅትማማቾቹም እሺ ብለዋል።

ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ፈርቻለሁ። እንደ ትናንቱ መቀመጥ ግን በቃኝ።

ነገ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ። ሸራዋን በሩ ጋ አነጥፋለሁ። ጋሼ ደረሰ ሲመጡ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። እስክሪብቶ ጆንያ ላይ አይጽፍም፤ ከሰል በወረቀት ጠቅልያለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው የራሴን ስም ነው። ስንዱ ብዬ፣ በትልቁ።